የአያት ምክር ኮሪያ ድረስ



እዚህ ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ አዲስ ዘመን የምትኖር ጎረቤቴ ባለፈው እሑድ አኩርፋ መጣች። የልጅ ልጇ የትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ ደቡብ ኮሪያ ልትሄድ ነው። አያት ምክር ስትጀምር የልጅቷ አባት «እማዬ ተይው፤ የእኛ አገር ሥርዓት እዚያ አይሠራም» ብሎ አቋረጣት። «ሲስተር፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ» አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ከኮሪያውያን ሐኪሞች ጋር ሠርቻለሁና ፈረድኩ፤ ለአያት።

ኮሪያ ታላቅ ሰው ሲገባ ይነሣሉ፤ ጎንበስ ብለው ሰላም ይላሉ። ዕቃ የሚሰጡትም የሚቀበሉትም በሁለት እጅ ነው፤ አለዚያም ቀኝ ክንድን በግራ እጅ ደገፍ አድርገው፣ ልክ እንደ እኛ። ከማዕድ ታላቁ ሳይጀምር ማንም አይጀምርም። ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እንደምናወልቀው እነሱ መኖሪያ ቤትም ሲገቡ ያወልቃሉ። ሰው ሲጠሩ መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው ነው። ገና ሳይተዋወቁ ዕድሜ ቢጠይቋት አትቀየም፤ እኛ «አንቺ» እና «እርስዎ» እንደምንለየው እነሱም አነጋገራቸውን በዕድሜ ስለሚለዩ ነው።

የሚለየውንም ንገሯት። ጉንጭ መሳም የለም። እኔ አንዷን እንግዳ ልስም ስጠጋ ክው ብላ ቀርታ አፍሬያለሁ። ጉርሻም ለማያውቁት ሰው አይሰጥም። የመብያውን እንጨት ሩዝ ላይ አቁሞ መተው የሙታን መታሰቢያ ስለሚመስል ይከፋቸዋል። የሰው ስም በቀይ ቀለም አይጻፍም። በርበሬው አፍንጫዋን ቢያስፈስሳት ማዕድ ላይ አትናፈጥ፤ ወጣ ትበል።

የምትጾም ከሆነ ደግሞ ልብ ትበል፤ ኪምቺ የተባለው የጎመን ምግባቸው አብዛኛውን ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው ይገባበታል። ታላቅ ሰው ሲጋብዛት ዝም ብላ ሳሕኑን ከምትገፋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ምክንያቷን ትንገር።

ስትሄድም የቃኘውን ታሪክ ይዛ ትሂድ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6,000 በላይ ወታደሮቻችን ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። ቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀ መታሰቢያቸው አለ። አረጋውያኑ ኮሪያውያን ይህን አይረሱም። እኛ ለልጆቻችን ሳንነግር ብንቀር ግን እነሱ ሲያመሰግኗት ለምን እንደሆነ አታውቅም።

ትናንት አባትየው መጥቶ እናቱን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። አያትም ምክሯን ካቆመችበት ቀጥላለች።

እናንተም ልጅ ሻንጣ ሲያዘጋጅ «እኛ ምን እናውቃለን» ብላችሁ ዝም አትበሉ።