አሮጌው ሲንጀር በኪሎ አይሸጥም!



በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪና «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ለውዳቂ ብረት ገዢ የሚሰጥ አለ። እኛ ይህን አጥብቀን እንቃወማለን!

ሲንጀር ኩባንያ በ1851 (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ፋሽን አለፈ፤ መኪናው ግን ዛሬም ይሰፋል። ለምን ቢሉ፣ ውስጡም ውጭውም ብረት ነው። ቢደርቅ ዘይት ይበቃዋል፤ ቀበቶው ቢላላ ቆረጥ አድርጎ ማሳጠር ነው። መብራት ቢጠፋም ሲቀላም ሆነ ሴቻ ሥራ አይቆምም። ርካሹ አዲስ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ፕላስቲክ ነው፤ ከተሰበረ ማን ይጠግነዋል?

ለዚግዛግ አዲሱ ይሻላል፤ አንክድም። የዶርዜ ሸማኔ የሠራውን ዱንጉዛ ሱሪ ለማድረግ ግን ቀጥ ያለ ጠንካራ ስፌት ይበቃል።

እንግዲህ አቧራውን ጥረጉ፣ ዘይት አጠጡ፣ ልጆቻችሁን አስተምሩበት። ቤት ያቆመ መሣሪያ ሚዛን ላይ አይወጣም!