ለራስ ችግር የተሠሩ ትናንሽ ሶፍትዌሮች የሚገባቸው ቦታ

በአገራችን ስለ ኮምፒዩተር ቴክኖሎጂ ሲነሣ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በትልልቅ ነገሮች ላይ ነው። ስለ መረጃ ማዕከላት፣ ስለ ባንኮች የክፍያ ሥርዓት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ይነገራል፤ ብዙም ይጻፋል። ቀን ለደንበኞች ድረ ገጽ ሲሠራ የሚውል አንድ ወጣት ባለሙያ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ የራሱን ችግር ለማቃለል ስለሚጽፈው የሃምሳ መስመር ፕሮግራም ግን የሚያነሣ እምብዛም የለም። ፕሮግራሙ ቀንን ከአንዱ የዘመን አቆጣጠር ወደ ሌላው የሚለውጥ፣ በአሃዝ የተጻፈን ገንዘብ በፊደል የሚያሰፍር፣ በድሮ የግእዝ ፎንት የተተየበን ሰነድ ወደ ዩኒኮድ የሚያሻግር፣ ወይም የተማሪዎችን ውጤት የሚደምር ሊሆን ይችላል። ሠሪው እንደ ሥራ አይቆጥረውም፤ አሠሪው አያውቀውም፤ ዩኒቨርሲቲም አይመዘግበውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ትናንሽ መሣሪያዎች ከሳይንሳዊ ሥራ የሚቆጠሩ መሆናቸውን፣ ጠብቀን ካላቆየናቸውም የምናጣው ነገር ቀላል አለመሆኑን ማሳየት ነው።

አንድ ስም፣ ብዙ መልክ

ምሳሌውን ከቅርብ እንጀምር። ከመቐለ በስተምሥራቅ የምትገኘውና ዛሬ ከከተማዋ ክፍለ ከተሞች አንዷ የሆነችው ቁሓ፣ በአማርኛ ቁሓ፣ ኩሓ ወይም ኩዊሓ ተብላ ትጻፋለች። በትግርኛ ኲሓ ትባላለች። በላቲን ፊደል የምትጻፍባቸው መንገዶችም ከሁለት በላይ ናቸው። ለሰው ሁሉም አንዲት ቦታ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ፊደል ማለት ቁጥር ነውና ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፤ በዩኒኮድ ሰሌዳ ቁ 4673፣ ኩ 4777፣ ኲ ደግሞ 4786 ነው። እንበልና አንድ መሥሪያ ቤት የባለጉዳዮቹን አድራሻ ሲመዘግብ ከርሞ በዓመቱ መጨረሻ «ከቁሓ የመጡትን ቁጠርልኝ» ቢል፣ ኮምፒዩተሩ የሚቆጥርለት በአንደኛው አጻጻፍ የተመዘገቡትን ብቻ ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሚወጣ ዕቅድም የተሳሳተ ይሆናል።

ችግሩን የሚፈታው መሣሪያ ረጅም አይደለም። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የሚጀምረው ከ4608 ሲሆን፣ መደበኛዎቹ የፊደል ቤቶች እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ፊደል ቁጥር ላይ 4608 ቀንሰን ለ8 ብናካፍል፣ ድርሻው ቤቱን፣ ቀሪው ደግሞ መደቡን ይነግረናል። ለምሳሌ የሓ ቁጥር 4627 ነው። ከዚህ 4608 ሲቀነስ 19 ይሆናል፤ ለ8 ሲካፈል 2 ደርሶ 3 ይቀራል። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ይህ ማለት ሦስተኛው ቤት ሐ፣ አራተኛው መደብ ራብዕ ማለት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ፕሮግራመር ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ መልሶ «ፀሐይ» እና «ፀሀይ» በፍለጋ እንዲገናኙ ማድረግ ይችላል። ለአማርኛ ጠቃሚ መሣሪያ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው መሣሪያ ሳይታረም ወደ ትግርኛ ቢሻገር ጥፋት ያደርሳል። በአማርኛ ሀ እና ሐ በአነባበብ አይለዩም፤ በትግርኛ ግን የተለያዩ ድምፆች ናቸው። በትግርኛ መሃረ ማለት አስተማረ፣ መሓረ ማለት ይቅር አለ ነው። ሁለቱን ፊደላት አንድ የሚያደርግ ፕሮግራም ትምህርትንና ምሕረትን አንድ አደረገ ማለት ነው። ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚያውቅ የቁሓ ወጣት ይህን ለማስተዋል ደቂቃ አይፈጅበትም። ከባሕር ማዶ ያለ ታላቅ ኩባንያ ግን ጉዳዩ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። መሣሪያውን ችግሩ ያለበት ሰው ራሱ መሥራት አለበት የምለው ስለዚህ ነው።

ተቀባይ ያጣው ጥቅምት 30

ሁለተኛው ምሳሌ የዘመን አቆጣጠር ነው። በድረ ገጾች ላይ የምናየው የተለመደው የቀን መሙያ ሣጥን የተሠራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። አንድ ሰው የልደት ቀኑን ጥቅምት 30 ብሎ በእኛው አቆጣጠር ሊሞላ ቢሞክር፣ ሣጥኑ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚወስደው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልሰዋል። በጳጉሜን የተወለደ ሰውማ ጭራሹን ወር የለውም፤ ሣጥኑ 13 የሚባል ወር አያውቅምና። የዩኒኮድ ድርጅት የሚያሰናዳው የቋንቋና የአካባቢ መረጃ ስብስብ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዟል፤ ዘመናዊ ማሰሻዎችም ቀንን በዚሁ አቆጣጠር ማሳየት ይችላሉ። መሙያው ሣጥን ግን ዛሬም እንደነበረ ነው። ክፍተቱን የሚሞሉት በየቦታው ያሉ ግለሰቦች የሚጽፏቸው መለወጫዎች ናቸው።

ከእነዚህ መለወጫዎች ጥቂት የማይባሉት የሚሳሳቱት በአንድ ቦታ ነው፤ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብለው ያስባሉ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲቀር ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ነው። ይህን የማያውቅ መለወጫ ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ድረስ የአንድ ቀን ስሕተት ሲሠራ ቆይቷል። አንድ ቀን ለጨዋታ ምንም አይደለም፤ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ለፈተና ምዝገባና ለመድኃኒት ማብቂያ ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ትክክለኛው መንገድ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን ተከታታይ የቀን ቁጥር መካከለኛ ማድረግ ነው። ከዓመተ ምሕረቱ አንድ ቀንሰን በ365 እናባዛለን። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለን ቀሪውን ትተን ድርሻውን እንደምራለን። ላለፉት ወራት ለእያንዳንዳቸው 30 እንጨምራለን፤ ከወሩ ቀንም አንድ ቀንሰን እንደምራለን። በመጨረሻም 1724221 ስንጨምርበት የተፈለገው ቁጥር ይገኛል። መስከረም 1 ቀን 2000ን ብንወስድ፣ 1999 በ365 ሲባዛ 729635 ይሆናል፤ 500 ስንጨምርበት 730135፣ ከዚያም 1724221 ስንደምርበት 2454356 ይሆናል። ይህ ለሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 የተሰጠው ቁጥር ነው፤ የሚሌኒየሙን በዓል ያከበርንበት ዕለት ማለት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን ለ4 ከፍለው ወንጌላዊውን ሲያወጡ የኖሩበት ስሌትና ይህ ፕሮግራም ዝምድናቸው የቅርብ ነው። አሥር መስመር በማይሞላ ኮድ ውስጥ ሒሳብ፣ ሥነ ፈለክና የአገር ትውፊት ተገናኝተዋል። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልመጃ ማግኘት ያስቸግራል።

መንገዱን የከፈቱት ግለሰቦች

የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር የገባበት ታሪክ ራሱ በአብዛኛው የግለሰቦች ጥረት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አቶ ፍሥሐ አጥላው በአሜሪካ ዳሸን ኢንጂነሪንግ በሚል ስም የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አዘጋጁ። በሙያቸው የእንስሳት ሕክምና ምሁር የሆኑት ዶ/ር አበራ ሞላም በዚያው ዘመን ሞድኢት የተባለውን ሥራቸውን አቀረቡ። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግእዝን ፊደል በላቲን ፊደላት ለመወከል የሚያስችለውን ሴራ የተባለ ሥርዓት ቀረጹ። እነ ብርሃኑ በየነና ማንፍሬድ ኩድሌክ ደግሞ ቴክ በተባለው የሳይንስ ጽሑፍ ማሰናጃ ግእዝን ለመጻፍ የሚያገለግል ጥቅል አዘጋጁ። እንዲህ ካሉ ጥረቶች በኋላ ነው ዩኒኮድ በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትሙ የግእዝን ፊደል የተቀበለው። ሥራው በዚያ አላበቃም፤ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል።

በውጭው ዓለምም ነገሩ የተለየ አይደለም። ዶናልድ ክኑት ቴክን መጻፍ የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ የራሳቸው መጽሐፍ አዲስ እትም የኅትመት ጥራቱ ስላላረካቸው ነበር። ቲም በርነርስ ሊ የዓለም አቀፉን ድር ሐሳብ በ1989 ያቀረቡት በሰርን የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የመረጃ መበታተን ስላስቸገራቸው ነው። የፊዚክስ ባለሙያው ፖል ጊንስፓርግ በ1991 ጓደኞቻቸው ጽሑፎቻቸውን ከመታተማቸው በፊት እንዲለዋወጡበት የሠሩት አነስተኛ ሥርዓት፣ ዛሬ አርካይቭ በሚለው ስሙ የፊዚክስ ተመራማሪ ሁሉ ማለዳ የሚከፍተው መዝገብ ሆኗል። የሦስቱም መነሻ የሠሪው የራሱ ችግር ነበር። ይሁንና ከመነሻው በኋላ ሥራቸውን ተቀብሎ ያቆየ ተቋም ነበራቸው። የእኛ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያዎቹ እንዴት ይጠፋሉ?

በየዓመቱ ተመራቂ ተማሪዎች የማሟያ ፕሮጀክት ይሠራሉ። ሪፖርቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ኮዱ በሲዲ ወይም በፍላሽ ተያይዞ ይገባና በዚያው ይረሳል። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን ያንኑ መለወጫ፣ ያንኑ የውጤት መደመሪያ፣ ያንኑ ስሕተት ጭምር ከዜሮ ይጀምራል። ከቤተ መጻሕፍት ውጭ ያለው ሥራ ደግሞ ዕድሜው ከሠሪው ላፕቶፕ ዕድሜ አይበልጥም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ዓመታት እያንዳንዱ የግእዝ ሶፍትዌር ፊደላቱን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር የሚከፈት የዚያን ጊዜ ሰነድ ዛሬ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ዝርዝር ሆኖ ይታያል። የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የማኅበራት መዝገቦች በዚህ ምክንያት ሊነበቡ የማይችሉ ሆነዋል። የሚያድናቸው የመለወጫ ፕሮግራም የጻፈ አንድ ሰው ካለና ፕሮግራሙም ካልጠፋ ብቻ ነው።

ሌላም ከባድ ትምህርት አለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በትግራይ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሁለት ዓመታት ገደማ ተቋርጦ ነበር። በውጭ አገር ኮምፒዩተር ላይ ያለ መሣሪያ፣ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ በዚያ ጊዜ ለቁሓ ሰው እንደሌለ ነበር። በፍላሽ የሚዞርና መብራት በመጣ ሰዓት በማንኛውም ኮምፒዩተር የሚከፈት ትንሽ ፕሮግራም ግን ይሠራ ነበር። አንድ ገጽ የሆነ፣ ያለ መረብ የሚከፈት መሣሪያ ለእኛ የድህነት ምልክት ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ከኑሯችን የመነጨ የአሠራር ጥበብ ነው።

አንዳንዶች «እንዲህ ያለውን ኮድ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ይጽፈው የለምን?» ሊሉ ይችላሉ። መልሱ አዎን፣ ይጽፈዋል ነው። ነገር ግን የተጻፈው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው ዘመነ ሉቃስንና የመሃረንና የመሓረን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ነው። ኮድ መጻፍ በቀለለ መጠን የተፈተነ ኮድ ዋጋው ይጨምራል። በሌላ በኩል «ሁሉም መለወጫ ሠርቶ እንደ ምርምር ይቆጠርልኝ ካለ የምሁርነት ሚዛን ይፈርሳል» የሚሉም አሉ። ሥጋታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በፊዚክስ አዲስ መለኪያ የሠራ ሰው የሚመዘነው መለኪያው በትክክል መለካቱ ተረጋግጦና ሌሎች ተጠቅመውበት እንደሆነ ሁሉ፣ ሶፍትዌርም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይችላል።

ምን ይደረግ?

ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ማንኛውም የማሟያ ፕሮጀክት ምንጭ ኮዱን፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የተጻፈ አጭር የአጠቃቀም መግለጫና ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድ ጽሑፍ ሳያስገባ ውጤት አይሰጠው። በሁለተኛ ደረጃ፣ እነዚህ ሥራዎች በፋኩልቲው ሰርቨር ላይና ከመረቡ በተለየ ዲስክ ላይ በሁለት ቅጂ ይቀመጡ፤ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ያለ የድረ ገጽ ባለሙያም የራሱን ሥራ ማስገባት ይፈቀድለት። በሦስተኛ ደረጃ፣ መምህራን የጋራ መፈተኛ ዝርዝር እናዘጋጅ፤ በየአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ያሉ ቀኖችን፣ ጳጉሜን 6ን፣ እንደ ቁሓ ያሉ አጻጻፋቸው የሚለያይ ስሞችን የያዘ። ይህን ዝርዝር ያላለፈ መሣሪያ ለሕዝብ አይቅረብ። በመጨረሻም፣ የደረጃ ዕድገት መመዘኛችን ተፈትኖ ያለፈና ሌሎች የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር የሚቆጥርበት አንድ መስመር ይጨመርበት።

ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው በመጪው ሴሚስተር ሊጀመር ይችላል፤ የሚያስፈልገውም አንድ የትምህርት ክፍል ውሳኔ ብቻ ነው። ይህን ሳናደርግ የምናሳልፈው እያንዳንዱ ዓመት አንድ ተመራቂ ክፍል ሙሉ የሠራውን ይዞ ይሄዳል።