የሙያ ዓምድ፦ ጧት ጉልበት የሚያጣ ናፍጣ መኪና

በዚህ ዕትም የምናነሳው ስለ ሞተር ነው። ነገር ግን "ይሄ ለሾፌርና ለመካኒክ ነው" ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት። ጉዳዩ የአንድ ወንድማችን ስምና እንጀራ ጉዳይ ሆኗልና።

ባለፈው ሰሞን ሌሊት አንዲት እህታችን ምጥ ያዛት። ጎረቤት ተሯሩጦ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለውን አንድ የአገራችንን ልጅ ቀሰቀሰ። ልጁም ሳያቅማማ ተነሳ። ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ፣ ኳ ኳ እያለ ተነሳለት። ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ አሸዋማውን ዳገት ሊወጣ ሲል ግን መኪናው ጉልበት አጣ። ነዳጅ ቢረግጥም አልሰማ አለው። ሰው ወርዶ ገፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ እናትም ሕፃንም ደህና ናቸው።

በማግስቱ ግን ሌላ ወሬ ተነሳ። "ናፍጣውን ሸጦ ላምባ ቀላቅሎበት ነው" ተባለ። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ደግሞ "ስንመለስ ያንኑ ዳገት እንደ ፈረስ ጋለበው፤ ሲፈልግ ይሄዳል ማለት ነው" የሚል ነው።

ወገኖቼ፣ ልጁን ነፃ የሚያወጣው ይኸው ማስረጃ የተባለው ነገር ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ሲመለስ ንጹሕ ናፍጣ አይሆንም። ሲሄድም ሲመለስም በታንከሩ ውስጥ የነበረው ነዳጅ ያው ነው። የተለወጠው የሞተሩ ሙቀት ብቻ ነው።

"እዚህ ካኩማ ምን ብርድ አለና?" ትሉ ይሆናል። ለሰው ሙቀት የሆነው ለሞተር ብርድ ነው። በደንብ የሞቀ ሞተር ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ቆሞ ያደረ ሞተር 25 ዲግሪ ላይ ቢሆን እንኳ ከሥራ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ያህል ይጎድለዋል። አገር ቤት ደብረ ብርሃን አካባቢ የነዳችሁ ደግሞ የባሰውን ታውቁታላችሁ። እዚያ ከፍታው ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱም አለ፣ አየሩም ይሳሳል።

አሁን ወደ ሞተሩ ሆድ እንግባ። የቤንዚን ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየው ሞተር እሳቱን የሚያገኘው አየርን በመጭመቅ ነው። የብስክሌት ጎማ ስትነፉ የፓምፑ ጫፍ ሲግል አስተውላችሁ የለ? ነገሩ ያው ነው። በአሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ፒስቶኑ አየሩን ወደ 20 እጥፍ አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚያ ላይ ናፍጣ ሲረጭበት ያለ ክብሪት ቦግ ይላል።

ታዲያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጉልበት ለምን ያጣል? ምክንያቶቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ቀዝቃዛው ብረት የአየሩን ሙቀት ይቀማል። እናቶች ይህን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ያልጋለ ምጣድ ላይ ሊጥ ብታፈሱ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ምጣዱ ስላልደረሰ ነው። በተለይ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር የላንድክሩዘር ሞተር ናፍጣውን የሚረጨው በቀጥታ ፒስቶኑ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። የክፍሏ ግድግዳ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን ይጠጣዋል። ካንዴሌታ የሚባለው ማሞቂያ የተገጠመውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ናፍጣው ዘግይቶ ይቀጣጠላል። ፒስቶኑ መገፋት ባለበት ሰዓት እሳቱ ገና ነው። እሳቱ ሲደርስ ደግሞ ፒስቶኑ መውረድ ጀምሯል፤ ግፊቱ ከንቱ ይቀራል። የተጠራቀመው ናፍጣ በአንዴ ሲነድ ያ ኳ ኳ የሚለው ድምፅ ይሰማል። ሳይነድ የቀረው ነጭ ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። ስለዚህ ሾፌሩ አብዝቶ ቢረግጥም ጭስ ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ሦስተኛ፣ የቀዘቀዘ ዘይት ወፍራም ነው። ሞተሩ ካገኛት ጉልበት ላይ ራሱን ለማዞር ብዙ ያወጣል። የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉም ዘይት እንደዚያው ነው። ለጎማው የሚተርፈው ትንሽ ነው።

አራተኛ፣ እርጅና አለ። የፒስቶኑ ፋሻ ሲበላ የተጨመቀው አየር በጎን ያመልጣል፤ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል። ናፍጣ የሚረጨው ጫፍ ሲያረጅ እንደ ጉም መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል። ባትሪው ሲደክም ሞተሪኖው ሞተሩን ቀስ ብሎ ያዞረዋል። አዲስ መኪና ሌሊቱን አድሮ የማይሰማውን ብርድ አሮጌው የሚሰማው ለዚህ ነው። ሽማግሌ ከእንቅልፉ ሲነሳ ጉልበቱን እስኪያፍታታ እንደሚቆይ ማለት ነው።

እኔም ልጁን ጠይቄ መኪናውን አይቼዋለሁ። ከ6ቱ ካንዴሌታዎች 3ቱ ተቃጥለዋል። ልጁም "አውቄው ነበር፤ ገንዘብ አጠረኝ" አለኝ። ችግሩ ይኸው ነው፤ ሌብነት አይደለም።

ለሾፌሮች የምንመክረው ይህን ነው። ቁልፉን ከፍታችሁ የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፤ ከዚያ አስነሱ። አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አቁሞ ማሞቅ ግን አይጠቅምም፤ ናፍጣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ቶሎ አይሞቅም። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በቀስታ እየነዳችሁ ይሙቅ። የሙቀቱ መርፌ ሳይነሳ አታስጩኹት። ዳገትና አሸዋ ካለ ከመግባታችሁ በፊት አራቱንም ጎማ አስይዙ።

ለጎረቤት ደግሞ አንድ ምክር አለን። ሌሊት በሽተኛ ካለ አስቀድማችሁ ሾፌሩን ቀስቅሱ። በሽተኛው እስኪለብስና እስኪወጣ መኪናው ይነሳ። ያቺ አምስት ደቂቃ ዳገቱ ላይ ዋጋ አላት።

እነዚህን ግን በፍጹም አታድርጉ፦

በሞተሩ ሥር እሳት አታንድዱ። ዘይትና ናፍጣ የነካው ሁሉ ይቀጣጠላል፤ ቤታችን ደግሞ የተጠጋጋ ነው።

ካንዴሌታ ባለው ሞተር አየር መሳቢያ ውስጥ ኤተርም ሆነ ቤንዚን አትርጩ። የጋለው ካንዴሌታ ያለ ጊዜው ያቀጣጥለውና ፒስቶን ይሰብራል፤ ሰውም ያቃጥላል።

በዝግ ቤትም ሆነ ሰው በተኛበት አጠገብ መኪናም ሆነ ጄኔሬተር አታሙቁ። ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ የሚገድል ጋዝ አለበት።

ጥፋቱ ከብርድ ነው ወይስ ከሌላ? ጭሱን እዩ። ነጩ ጭስ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋና ጉልበቱ ከተመለሰ ነገሩ ብርድ ነው። ከሞቀ በኋላም ጉልበት ከሌለው መጀመሪያ የናፍጣና የአየር ፊልትሮውን ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ አየር አነሰ ወይም ናፍጣ በዛ ማለት ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው። ላምባን በተመለከተ፣ ዋና ጉዳቱ ሌላ ነው፤ የናፍጣ ፖምፓው የሚለሰልሰው በናፍጣው ቅባት ስለሆነ ላምባ ሲበዛበት ይፋቃል።

ሙያ ለምትማሩ ልጆች፦ ካንዴሌታ ለመፈተን የሚያያይዘውን ብረት ፍቱ። የመፈተኛ አምፑሉን አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከካንዴሌታው ራስ አገናኙ። ከበራ መስመሩ ደህና ነው፤ ካልበራ ተቃጥሏል። ስትቀይሩ ቮልቱን አንብቡ፤ የ24 ቮልቱን ቦታ በ12 ቮልት ብትተኩት ወዲያው ይቃጠላል።

በመጨረሻም፣ ያ ልጅ ሌሊት ሲጠሩት "አልችልም" ማለት ይችል ነበር። አላለም። ስሙ እንደጠፋ ከቀረ ግን በሚቀጥለው ጊዜ በሩን ስናንኳኳ ላይከፍት ይችላል፤ ማንስ ይፈርድበታል? ወሬውን ያወራን ወሬውን እንመልስ። የምንችል ደግሞ ትንሽ ትንሽ አዋጥተን ሦስቱን ካንዴሌታ እንግዛለት። ያቺ መኪና የእሱ ብትሆንም ሌሊት ሌሊት የሁላችንም ናት።