አፍንጫችንን የያዝን ቀን

ልጆች፣ ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ እግር ነው። አትሳቁ! ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከመያዙ በፊት በነበረችው ማታ ትልቅ ትምህርት ያስተማረው የሰው እግር በማጠብ ነው።

ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ይገኛል። ጌታችን ከማዕድ ተነሥቶ፣ ፎጣ ታጥቆ፣ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አንድ በአንድ አጠበ። በዚያ ዘመን ሰው ክፍት ጫማ አድርጎ በአቧራ መንገድ ስለሚሄድ እግሩ ይቆሽሽ ነበር። የእንግዳ እግር ማጠብም የአገልጋይ ሥራ ነበረ። ቅዱስ ሉቃስ እንደሚነግረን ደቀ መዛሙርቱ በዚያችው ማታ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ ይከራከሩ ነበር። እበልጣለሁ እያለ የሚከራከር ሰው ደግሞ ፎጣ አያነሣም።

ይህን ለማሰብ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት አባቶቻችን የምእመናንን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ያጥባሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ ይህን ቀን እወደው ነበር፤ ቤት ስንመለስ ጉልባን አለ! የሚያስቀው ግን፣ ካህኑ የቆሸሸ እግር እንዳያዩብን ቤታችን በሳሙና ፈትገን ታጥበን ነበር የምንሄደው።

በዚያን ጊዜ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ ነበረ። ያለ ካልሲ የፕላስቲክ ጫማ ያደርጋል። በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ እግሩ ይሸት ነበር። አንድ እሑድ አንዱ ልጅ አፍንጫውን ያዘ፤ ሌላውም ተከተለ፤ እኔም ያዝኩ። መምህራችን አላዩም። እርሱ ግን አየን። ምንጣፉ ዳር ሄዶ እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ ተቀመጠ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም።

«ታዲያ ለምን አይታጠብም?» የሚል ከእናንተ መካከል አይጠፋም። ንጽሕና መልካም ነው። ነገር ግን ውኃ በጀሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት ቤት፣ ያለችውም ጫማ አንዲት ብቻ ከሆነች፣ ምን ያድርግ? በፕላስቲክ ጫማ ውስጥ የማንም እግር ቢሆን ያልበዋል። የእኔ እግር ያልሸተተው ከእርሱ ስለምሻል አልነበረም፤ እናቴ ካልሲዬን ስለምታጥብልኝ ነው።

ጌታችን የይሁዳን እግር እንዳጠበ አስተውላችኋል? ይሁዳ ከማዕዱ ተነሥቶ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጌታ ምን እንደሚያደርግበት እያወቀ አላለፈውም። እኔ ግን ምንም ያልበደለኝን ልጅ አሳፈርኩት።

ስለዚህ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጌታን መምሰል ጫማ ከምናወልቅበት በር ይጀምራል፤ ጸሎተ ሐሙስ እስኪደርስ መጠበቅ የለብንም። ሌሎች ከሸሹት ልጅ አጠገብ መቀመጥ፣ አፍንጫውን የያዘውን ጓደኛ ቀስ ብሎ «ተው» ማለት ትችላላችሁ። ትርፍ ካልሲ ካላችሁም እናታችሁን አስፈቅዳችሁ ስጡ፤ ግን ማንም ሳያይ! ሰው እያየ ከሰጣችሁት ያው ማሳፈር ነው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ሰፈሩን ለቀው ሄደዋል አሉኝ።