ባንዱ ሲሸጥ ተቀጣሪው ጊታሪስት ምን ይደርሰዋል?

«ኪስ» የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ዘፈኖቹን፣ ስሙንና ያንን በሜካፕ የሚታወቅ መልኩን ፖፕሃውስ ለተባለ የስዊድን ኩባንያ ሸጧል። ዋጋው ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተዘግቧል። ቀላል ኪስ አይደለም።

ከሽያጩ ጥቂት ወራት በፊት፣ ኒውዮርክ ላይ በተካሄደው የስንብት ኮንሰርት ሊድ ጊታር የያዘው ቶሚ ታየር ነበር። ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ቦታ ተጫውቷል። ፊቱ ላይ ያለው ሜካፕ ግን የመጀመሪያው ጊታሪስት ኤስ ፍሬሊ የታወቀበት ነው። የብራንዱ ባለቤቶች ደግሞ መሥራቾቹ ጂን ሲመንስና ፖል ስታንሊ ነበሩ። መድረክ ላይ አራት ሰው ይታያል፤ ባለቤቶቹ ግን ሁለት ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንድ ገንዘብ የሚያገኝባቸው በሮች በጥቅሉ ሦስት ናቸው፦ መጫወት፣ ዘፈን መድረስና ስም። ተቀጣሪ ጊታሪስት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በመጀመሪያው ብቻ ነው። ቱሩ ሲያልቅ ክፍያውም ያልቃል፤ ዘፈኑና ቲሸርቱ ግን ከ40 ዓመት በኋላም ይሸጣሉ።

ሮኒ ውድ ሮሊንግ ስቶንስን የተቀላቀለው በ1975 ነው። ፖስተሩ ላይ ከሌሎቹ እኩል ይታያል፤ ትርፍ ተካፋይ የሆነው ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ደሞዝተኛ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ሚክ ቴይለርም በአንዳንድ ዘፈኖች ላይ ብሠራም ስሜ አልተጻፈም ሲል ቅሬታውን ተናግሯል። ስቱዲዮ ውስጥ የፈጠራችሁት ሶሎ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ብዙ ጊዜ እንደ ድርሰት አይቆጠርም።

አሜሪካ ውስጥ ሙዚቃ በኢንተርኔት ሬዲዮ ሲለቀቅ ከሚከፋፈለው 100 ዶላር 50ው ለቅጂው ባለቤት፣ 45ቱ በስሙ ለሚታወቀው አርቲስት ይሄዳል። ለአጃቢ መሣሪያ ተጫዋቾች የሚደርሰው 2 ዶላር ከ50 ነው፤ እሱንም ሁሉም ይካፈሉታል። በተለመደው ኤፍኤም ሲለቀቅ ደግሞ ለተጫዋች ምንም የለም።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ግፍ ነው? ሁሌም አይደለም። ቱሩ ቢከስር ዕዳው የባለቤቶቹ ነው፤ ተቀጣሪው ደሞዙን ይዞ ሌላ ባንድ ጋ መሄድ ይችላል። ስሙን ለማስጠራት ዓመታት የለፉትም እነሱ ናቸው። ተቀጣሪ መሆን በራሱ ችግር የለውም። ችግሩ አባል ነኝ ብሎ እያሰቡ ተቀጣሪ ሆኖ መገኘት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በየምሽቱ ሒሳብ ክለብ የምትጫወቱ ወይም ለሰው አልበም ጊታር የምትቀዱም ይህ ይመለከታችኋል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ይሰጣል፤ ውላችሁ ላይ ያልተጻፈውን ግን ኋላ መጠየቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ከመቀዳቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ የምከፈለው አንዴ ነው ወይስ ዘፈኑ በሠራ ቁጥር? ዜማው ላይ ከጨመርኩ ስሜ ይገባል? ምስሌን ማን፣ እስከ መቼ ይጠቀምበታል? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ አስፈርሙ።