በሰው ቆጣሪ

በአገር ቤት ላላችሁ ወገኖቼ፣ ይልቁንም ለተከራዮችና ለአከራዮች፦



ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የምትኖርበት ግቢ በር ላይ የተለጠፈ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ምጣድም ሆነ ስቶቭ መሰካት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። ግቢው ውስጥ ስድስት ተከራይ አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የመብራት ሂሳቡ ሲጨምር አከራይዋ ምጣዱን ከለከሉ። ልጅቷ እንጀራ ከሱቅ መግዛት ጀመረች፤ ወጧን የምትሠራው በከሰል ነው፣ ሁለት ዓመት ከሆነው ልጇ ጋር በምትተኛባት አንዲት ክፍል። ደውዬ ከሰሉን ውጭ እንድታቀጣጥል፣ መስኮት እንድትከፍት ስመክራት ዝም ብላ ሰማችኝና «ጋሼ፣ አንተማ መብራት በማይጠፋበት አገር እየኖርክ ይሄን ከየት ታውቀዋለህ?» አለችኝ።

ልትሰድበኝ ብላ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከእናንተም መካከል «ያልደረሰበት ግልግል ያውቃል» የሚለኝ አይጠፋም። ውጭ አገር ተቀምጦ መምከር ቀላል መሆኑን አልክድም። የማልሰለፍበትን ሰልፍ፣ የማልከፍለውን ብር ቆጥሬ ልፈርድባችሁም አልተነሣሁም። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በሰው ቆጣሪ ስለመኖር። እሱ ደግሞ ደርሶብኛል።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከአውሮራ ወደ ምሥራቅ ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነው። አውሮራና ዴንቨር አበሻ የበዛባቸው ከተሞች ናቸው፤ እንጀራውም ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አለ። የሌለው ለአንድ ሠራተኛ የሚሆን ቤት ነው። ባለ አንድ መኝታ ስፈልግ ከ1,600 ዶላር በታች አጣሁ። ስለዚህ አሮጌ አርቪ፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ገዛሁና የአንድ ሰው መሬት ላይ አቆምኩት። ለመሬቱ በወር 700 ዶላር እከፍላለሁ። የበረዶው ወራት ሲመጣብኝ ይህ አራተኛዬ ነው። ፎቶውን ያያችሁ ዘመዶቼ «ባለ መኪና ቤት ሆንክ» ብላችሁ መርቃችሁኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግድግዳው ግን አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብርዱን የሚከለክለው ግንብ አይደለም፣ እሳት ነው፤ እሳቱ ደግሞ በገንዘብ ነው የሚነደው።

መብራቴ የሚመጣው መሬቱ ላይ ከተተከለ ሳጥን ነው። 30 አምፔር በ120 ቮልት፣ በጠቅላላው 3,600 ዋት። ይህ ስንት እንደሆነ ለእናቶች ልንገራችሁ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። እኔ ለማሞቂያ፣ ለማብሰያ፣ ለፍሪጅ፣ ለሁሉም ነገር የሚፈቀድልኝ የእናንተን አንድ ምጣድ የምታህል ናት። እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት የሚበሉ ሁለት ትናንሽ ሂተሮች ስሰካ የሚተርፈኝ 600 ነው።

ታህሳስ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. የዴንቨር ብርድ ከዜሮ በታች 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ገባ። ከተማዋ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ያንሳል፤ ብርዷ ግን ሌላ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱ ሂተሮች እየሠሩ ሻይ ላፈላ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያውን ሰካሁት። ውኃው ሳይፈላ ብሬከሩ ወረደ፣ ጨለማ ሆነ። ብሬከሩ ያለው ውጭ፣ አጥሩ ሥር ነው። ጋቢ ደርቤ ወጣሁ፤ የሳጥኑን ክዳን ስነካው ጣቴ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ስመለስ ፍራሼ ከግድግዳው ጋር በበረዶ ተያይዞ አገኘሁት፤ እስትንፋሴ ነው ግድግዳው ላይ የረጋው። እህቴ በማግስቱ ደውላ «እንዴት አደርክ?» ስትለኝ «ደህና» አልኳት። ለእናንተ እውነቱን አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው። ዛሬ የምትናገሩኝ እኔ የደበቅሁትን ሳታውቁ ነው።

ግን ቅሬታዬ ብርዱ አይደለም። ብርድ የፈጣሪ ነው። ቅሬታዬ ቆጣሪው ላይ ነው።

ቆጣሪው ያለው በመሬቱ ባለቤት እጅ ነው። በአምናው ጥር የበላሁት 1,150 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። እሱ አንዱን በ24 ሳንቲም አስልቶ 276 ዶላር ተቀበለኝ። ከመንገዱ ማዶ በረዶ የምጠርግላቸው አንዲት ባልቴት የራሳቸውን ሂሳብ አሳዩኝ፤ የመብራት ድርጅቱ የሚያስከፍላቸው 15 ሳንቲም ነው። ያው ምሰሶ፣ ያው ሽቦ፤ በእሳቸው ዋጋ ቢሆን 172 ዶላር ከሃምሳ ነበር የምከፍለው። ከመቶ ዶላር በላይ የጠፋው ያቺ ሳጥን ውስጥ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ጋዝ ዞርኩ። አንድ ጋሎን ፕሮፔን 27 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይዟል፤ በ4 ዶላር ስገዛውና በማሞቂያው ጭስ ማውጫ የሚባክነውን ስቀንስ ወደ 19 ሳንቲም ይመጣል። መብራቱን በትክክለኛ ዋጋው ባገኘው ጋዙን ባልፈለግሁ ነበር። አሁን ግን ብርዱ ሲጠና ሁለት ቀን የማይዘልቅ ሲሊንደር እየተሸከምኩ፣ ከሌሊት ሥራ ስመለስ በበረዶ ውስጥ እጎትታለሁ። የእህቴ ልጅ ከሰል እንደምትሸከም ማለት ነው። የሁለታችንንም ማገዶ የመረጠልን ቆጣሪውን የያዘው ሰው ነው።

የመሬቱን ባለቤት የድርጅቱን ሂሳብ እንዲያሳየኝ በትሕትና ጠየቅሁት። «ካልተስማማህ ቤትህ ጎማ አለው» አለኝ። በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች አከራይ መብራትን ከገዛበት ዋጋ በላይ ለተከራዩ እንዳይሸጥ ሕጉ ይከለክላል። ግን በጥር ወር፣ በበረዶ መሐል ከመሬቱ ተነሥ ብባል የት እሄዳለሁ? ሕግ እያለም ሰው የሚፈራው ለዚህ ነው። እናንተም የምትፈሩት ለዚህ እንደሆነ ይገባኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ መደረጉን ሰምቻለሁ። ታሪፉ እርከን አለው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ እስከ 500 ድረስ እየወጣ ይሄዳል። እርከኑ የተበጀው ለድኻው ነው። ነገር ግን ስድስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 50 ሲጠቀም በአንድ ቆጣሪ 300 ሆኖ ይነበባል። ስድስት ድኻ ተደምሮ እንደ አንድ ሀብታም ይቆጠራል ማለት ነው። የእህቴ ልጅ ምጣዷን ያጣችው እዚህ ላይ ነው፤ አከራይዋ ክፉ ሆነው አይደለም።

እናቴ፣ አከራይዋ፣ ይህን ቢያነቡልኝ፦ እርስዎን አልወቅስም። ያቺ ኪራይ የመድኃኒትዎ፣ የአስቤዛዎ መሆኗን አውቃለሁ። ግን ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ቢያስገቡ፣ የመጣውንም ወረቀት በር ላይ ቢለጥፉት፣ ሁሉም የበላውን ይከፍላል፣ ጠብም አይኖርም። ክልከላ በሚለጠፍበት በር ላይ ሂሳቡ ይለጠፍ። ይህ ሀብት አይጠይቅም፤ ለእኔ ያለሁበት ሀብታም አገር ያልሰጠኝም ይህንኑ ነው።

በእናንተ በወንድሞቼ ግን ቅር ብሎኛል። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር ቦንድ ገዝተናል፤ እናንተም ከደመወዛችሁ ቆርጣችኋል፣ ያውም ከእኔ በላይ ከጉሮሯችሁ ነጥቃችሁ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በስልኬ እያየሁ አልቅሻለሁ። 5,150 ሜጋዋት! ስለ አሥራ ሦስቱ ተርባይኖች ስናወራ እናድራለን፤ ስለ ግቢያችን አንድ ቆጣሪ ግን ማን ያወራል? ይህን ያህል ብርሃን ከዓባይ አውጥተን በበራችን ሥር ስድስት ቤት አንዷን ሽቦ ይሻማል። ይህን ስል ከተቆጣችሁ ተቆጡ፤ ዝም ከምትሉኝ ይሻላል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ወሩ ሲገባ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ወሩ ሲወጣ አንብቡ፣ በደብተር ጻፉ። ተከራይ የሚያሸንፈው ቁጥሩን ሲያውቅ ነው። ከዚያም ጻፉልኝ፦ በግቢያችሁ ስንት ቤተሰብ ነው በአንድ ቆጣሪ የሚኖረው? ሂሳቡን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ፣ ከፍ ዝቅ ማድረግም መብታችሁ ነው።

የእህቴ ልጅ ትናንት መልሳ ደወለች። ስለ አርቪው፣ ስለ ብሬከሩ፣ ፍራሹ ከግድግዳ ስለ መያያዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ጋሼ፣ አንተም ተከራይ ነህ ለካ» አለችኝ። አዎ፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት በረዶውን ከሳጥኑ ላይ ጠርጌ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ 48,217 ይላል። ያንቺን ደግሞ ላኪልኝ።

ወንድማችሁ፣ ከኮሎራዶ