ገጹን ያነባሉ፣ ነገሩን አይረዱም!



ዛሬ ማታ የ3ኛ ክፍል ልጃችሁን የአማርኛ መጽሐፉን አስወጡትና አንድ አንቀጽ አስነብቡት። ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግታችሁ «ምን ሆነ ይላል? ለምን?» በሉት። በብዙ ቤት የሚሰማው መልስ ዝምታ ነው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የተማሪ ብዛት ሲቆጥር የኖረ ሥርዓት፣ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ስላልጠየቀ ነው።

በ2002 ዓ.ም. በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀላል ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አቃታቸው። ወቅቱ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ነበር! ከእነዚያ ሕፃናት በሁለት ክፍል የሚያንሱት ለ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቀመጡ ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። መንግሥት «ኩረጃን አስቀረሁ» አለ። እውነት ነው፣ አንክድም። ኩረጃው ሸፍኖት የኖረውን ጉድ ማን እንደፈጠረው ግን አልነገረንም። በ2017 ዓ.ም.ም ያለፉት 8.4 በመቶ ናቸው።

አባቶቻችን ንባብን ከትርጓሜ ይለዩ ነበር። ዳዊት የደገመ ሁሉ መጽሐፉን ተረጎመ አይባልም፤ ትርጓሜ ራሱን የቻለ ጉባኤ አለው። የዛሬው ክፍል ግን ንባቡ ብቻ ቀርቶታል፤ መምህር ይላል፣ ስድሳ ልጅ በኅብረት ይደግማል፣ ደወል ይደወላል። የገባውም ያልገባውም አብረው ያልፋሉ። ለግል ትምህርት ቤት የምትከፍሉ ወላጆችም አትዘናጉ፤ የአራት ዓመት ሕፃን እንግሊዝኛ ማነብነብ ንባብ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት መከፈቱን እናደንቃለን። ነገር ግን የአቃቂ ሕፃን ታክሲ ከፍሎ ተረት ሊያነብ አይሄድም። የደሴውማ ጭራሽ!

ድምፃችሁን ከሰጣችሁን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለማንበብና ስለተነበበው ለመነጋገር ይውላል። ወደ ቤት የሚወሰዱ የተረት መጻሕፍት በየክፍሉ ይቀመጣሉ፤ ቢጠፉ ወላጅ አይቀጣም። (መጽሐፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ከሚኖር በልጅ እጅ ቢቀደድ ይሻላል።) መምህራንም ልጅን ጠይቆ የማስረዳትን ዘዴ በሥራ ሰዓታቸው ይሠለጥናሉ እንጂ በክረምት ዕረፍታቸው አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ፊደል ባትቆጥሩም ማገዝ ትችላላችሁ። «ተረት ተረት» ብላችሁ ጀምሩ፤ መሐል ላይ አቁማችሁ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስልሃል?» በሉት። ያነበበውንም በራሱ ቃል ያውራላችሁ። ይህ ግን የመንግሥትን ግዴታ አይተካም።

በየዓመቱ የ3ኛ ክፍል የንባብ ውጤት በየትምህርት ቤቱ በር ላይ እንለጥፋለን። ቁጥሩ ካልተሻሻለ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ኑና ጠይቁን።